መረዋው ወፍ

እንግሊዛዊው መንገደኛ ቻርልስ ዎተርተን እ.ኤ.አ. በ1812 ዛሬ ጉያና በምትባለው አገር የሚገኘውን የዴመራራን ጫካ ዘልቆ ገባ። በ1825 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍም ስፓኛውያን «ካምፓኔሮ»፣ የአገሬው ሰዎች «ዳራ» ስለሚሉት አንድ ነጭ ወፍ ጻፈ፤ ድምፁ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል እየጮኸ እስከ 3 ማይል ይሰማል አለ።

በዓመቱ ቀልደኛው ቄስ ሲድኒ ስሚዝ «ኤዲንብራ ሪቪው» በተባለው መጽሔት ላይ ተሳለቀበት። ሩብ ኪሎ ገደማ የሚመዝን ወፍ ከካቴድራል ደወል ሊበልጥ! ዎተርተን በርግጥ ለፌዝ የተመቸ ሰው ነበር፤ በአዞ ጀርባ ላይ ተቀምጬአለሁ ብሎ የጻፈም እርሱ ነው። ስለ ወፉም ቢሆን ተሳስቷል፤ ከምንቃሩ ሥር የበቀለው ጥቁር ሥጋ በአየር ተሞልቶ እንደ ማማ ይቆማል ብሎ ነበር፤ ሥጋው ግን ቁልቁል ተንጠልጥሎ ይቀራል እንጂ አይቆምም።

የድምፁ ነገር ግን ሌላ ነው። በ2019 ጄፍሪ ፖዶስና ማሪዮ ኮንሃፍት የተባሉ ተመራማሪዎች በሰሜን ብራዚል ተራሮች ይህንኑ ወፍ ለኩት። ከአንድ ሜትር ርቀት 125 ዴሲቤል ሆነ፤ እስከዚያ ቀን ከተለኩት የአእዋፍ ድምፆች ሁሉ የላቀ። ፍሬን ሳያኝክ እንዳለ የሚውጥበት ሰፊ አፉ ለጩኸቱም ሳይረዳው አልቀረም ይላሉ።

እኔን ግን ከቁጥሩ ይልቅ ያስገረመኝ የሴቲቱ ነገር ነው። ወንዱ ከፍተኛውን ድምፅ የሚያወጣው እርሷ አጠገቡ ስታርፍ ነው፤ መጀመሪያ ፊቱን አዙሮ ይጮሃል፤ ከዚያ ድንገት ዞሮ ሁለተኛውን መረዋ ፊት ለፊቷ ይለቀዋል። እርሷም ይህን ስለምታውቅ አስቀድማ ወደኋላ ትሸሻለች።