ገበሬ ነቅሎ የሚጥለው ሰርዶ፣ የጎልፍ ሜዳ ሲተክለው

በ2007 (በጽሑፉ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አትላንታ የሚገኘው ኢስት ሌክ የጎልፍ ክለብ ቱር ቻምፒዮንሺፕ የተባለውን ትልቅ ውድድር አስተናግዶ ነበር። የዚያ ሰሞን ወሬ ግን ከተጫዋቾቹ እኩል የሣሩ ጉዳይ ነበር። የዓመቱ ሙቀትና ድርቅ ግሪኖቹን ክፉኛ ጎድቷቸዋል። ግሪን ማለት ጉድጓዱና ባንዲራው ያለበት፣ ሣሩ እንደ ምንጣፍ ተላጭቶ ኳስ የሚንከባለልበት ቦታ ነው። የጎልፍ ሜዳ ሌላው ቦታ ቢበላሽ ይቻላል፤ ግሪኑ ከሞተ ግን ጨዋታ የለም። ታይገር ዉድስ አሸንፎ ሄደ። ክለቡ ደግሞ በቀጣዩ ዓመት በግሪኖቹ ላይ የነበረውን ቤንትግራስ የተባለ ሣር ትቶ ሚኒቨርዴ የሚባል የቤርሙዳ ዝርያ ተከለ።

ቤርሙዳ እኛ የምናውቀው ሰርዶ ነው። አዎ፣ አህያዋ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችለት ያው ሰርዶ። አገር ቤት ገበሬው ባረሰ ቁጥር ሥሩን እየለቀመ ዳር የሚጥለው፣ ጥሎትም ተመልሶ የሚበቅልበት ሣር ማለት ነው። ከኢስት ሌክ አጠገብ ባለችው ዲኬተር የሚኖሩ አበሾች በመኪና ሲያልፉ የሚያዩት አረንጓዴ መስክ ከሰርዶ ጋር ዝምድና እንዳለው ስንቶቻቸው ያውቁ ይሆን?

በእርግጥ ግሪን ላይ የሚተከለው ተራ ሰርዶ አይደለም። ግሌን በርተን የተባሉ የሣር ተመራማሪ ጆርጂያ ግዛት፣ ቲፍተን ከተማ ውስጥ ሰርዶን ቅጠሉ ቀጭን ከሆነ የደቡብ አፍሪካ ዘመዱ ጋር አዳቀሉት። ዛሬ በግሪን ላይ ያሉት አጫጭር ዝርያዎች አብዛኞቹ ከዚህ ድቅል ቤተሰብ የወጡ ናቸው። ቲፍኢግል የሚባለው እንዲያውም በጋማ ጨረር ተመትቶ የተገኘ ነው። እነዚህ ድቅሎች ዘር አይሰጡም። ስለዚህ እንደ ሸንኮራ አገዳ ቁራጭ ግንዳቸው ነው የሚተከለው።

ቤንትግራስ ለምን ሞተ፣ ሰርዶ ለምን ቻለው? በእህል ብንመስለው ይቀላል። ቤንትግራስ ከስንዴና ከገብስ ወገን ነው፤ ቀዝቀዝ ያለ አየር ይወዳል። ሥሩ ደህና የሚያድገው አፈሩ ከ10 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን ነው። አፈሩ ከዚያ በጣም ሲሞቅ ሥሩ እያጠረ ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ ውሃ ብታፈስለትም መጠጣት ያቅተዋል። ሰርዶ ደግሞ እንደ በቆሎ፣ ማሽላና ጤፍ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ቅጠሉ ውስጥ አጠራቅሞ የሚጠቀምበት ስልት ስላለው ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲያልፍ ጭራሽ ይፋፋል፤ ለእድገቱ የሚያስፈልገው ውሃም ያነሰ ነው።

ታዲያ በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ውስጥ መጀመሪያውኑ ቤንትግራስ ማን ተከለ? ጥሩ ጥያቄ ነው። የድሮዎቹ ቤርሙዳዎች ሸካራና ኳስ የሚያዘገዩ ነበሩ። ኦገስታ ናሽናል ራሱ በ1981ዱ ማስተርስ ዋዜማ ከቤርሙዳ ወደ ቤንትግራስ ቀይሯል። ሌሎችም ያንን ልስላሴ ፈለጉ። ከዚያ በ1990ዎቹ እስከ 3 ሚሊሜትር ገደማ ቢታጨዱ የሚችሉት አዳዲሶቹ ቤርሙዳዎች ሲመጡ ነገሩ ተገለበጠ።

አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ግሪኑን ቆፍሮ አሸዋውንና የውሃ ማስወገጃ ቱቦውን ጭምር እንደገና መሥራት ነው፤ ውድ ነው። ሁለተኛው አፈሩን ሳይነኩ አሮጌውን ሣር በግላይፎሴት ማድረቅ፣ መሬቱን መብሳት፣ የቤርሙዳውን ቁርጥራጭ በትኖ በሮለር መጫን ነው። የሚሠራው በሙቀቱ ወራት፣ በጁንና ጁላይ አካባቢ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ቁርጥራጩ ለአንድ ከሰዓት እንኳ መድረቅ የለበትም፣ ስለዚህ በቀን ብዙ ጊዜ ይረጫል። ከ8 እስከ 10 ሳምንት ውስጥ ለጨዋታ ይደርሳል።

ቤንትግራስን መግደል ቀላሉ ነው። አበሳው የሚመጣው አሮጌ ቤርሙዳን በአዲስ ቤርሙዳ ለመቀየር ሲሞከር ነው። ግላይፎሴት ከቅጠል ወደ ሥር የሚወርደው ሣሩ አረንጓዴ ሆኖ እያደገ ሳለ ብቻ ነው፤ በደረቀበት መርጨት ገንዘብ መበተን ነው። አንድ ጊዜ ረጭተው «ሞተ» ብለው የተከሉ ሰዎች፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በአዲሱ ሣር መሀል ቀለሙ የተለየ ክብ ክብ ነገር ያያሉ። ያ አሮጌው ነው፣ አልሞተም ነበር። ስለዚህ ይረጩታል፣ ሳምንታት ጠብቀው እንዲያቆጠቁጥ ያደርጉታል፣ እንደገና ይረጩታል። ድሮ አፈሩን የሚያጸዱበት ሜቲል ብሮማይድ የተባለ ጋዝ ነበር፤ የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት ከዚህ ሥራ እንዲወጣ ተደርጓል።

ከተተከለ በኋላም ዕዳ አለው። ቤርሙዳ ጥላ አይወድም፤ ግሪኑ በቀን 8 ሰዓት ገደማ ሙሉ ፀሐይ ካላገኘ ይሳሳል። ብዙ ክለቦች ሣር ቀየርን ሲሉ ዛፍም ቆርጠዋል ማለት ነው፣ ይሄንን ግን ማስታወቂያቸው ላይ አትሰሙትም። በቅዝቃዜው ወራት ይቡንናል፣ አንዳንዱም አረንጓዴ ቀለም ይቀባዋል። ብርዱ ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ ገደማ እንደሚደርስ ሲተነበይ ደግሞ ሠራተኞች አሥራ ስምንቱንም ግሪን በትልልቅ ሸራ ያለብሳሉ፣ በኋላ ደግሞ ያነሳሉ። በቤንትግራስ ጊዜ በእኩለ ቀን ቱቦ ይዞ ግሪን የሚያቀዘቅዘው ሠራተኛ፣ አሁን በጠዋት ብርድ ሸራ ይጎትታል።

ውሃን በተመለከተ ግን የሣር ለውጥ ብቻውን ተአምር አይደለም። ለዚህ ጥሩ ማሳያ ሰሜን ካሮላይና ያለው ፓይንኸርስት ቁጥር 2 ነው። የሜዳው ነዳፊ ዶናልድ ሮስ እስከ 1930ዎቹ አጋማሽ ድረስ ግሪኖቹን በአሸዋ ነበር የሚያስጫውቱት፤ ለ1936ቱ የፒጂኤ ሻምፒዮና ነው ሣር የለበሱት። በ2010 እና 2011 ቢል ኩርና ቤን ክሬንሾ ሜዳውን ወደ ጥንቱ መልኩ ሲመልሱት ከፌርዌዩ ግራና ቀኝ የነበረውን የቤርሙዳ ምንጣፍ ገፍፈው አሸዋና የአካባቢውን ደረቅ ሣር ተዉት። የውሃ መርጫዎቹ ከ1,150 ገደማ ወደ 450 ወረዱ። ግሪኖቹ ግን ያን ጊዜ ወደ ቤርሙዳ አልተቀየሩም። ከ2014ቱ የወንዶችና የሴቶች ዩኤስ ኦፕን በኋላ ነው ከቤንትግራስ ቻምፒዮን ወደተባለው ቤርሙዳ የተቀየሩት። የ2024ቱ ዩኤስ ኦፕን የተካሄደውም በእነዚሁ ግሪኖች ላይ ነው። ልዩነቱን አያችሁ? ግሪን የሜዳው ትንሽ ክፍል ነው። እዚያ ሣር መቀየር ከሙቀት ሞት ያድናል፤ ትልቁን ውሃ የቀነሰው ግን ሣር የሚለብሰውን መሬት ማሳነሱ ነው።

ኦገስታ እስከ ዛሬ ግሪኖቹ ቤንትግራስ ናቸው። ከሥራቸው አየር የሚነፋና ውሃ የሚስብ ማሽን ተቀብሮላቸዋል፤ ክለቡም የሙቀቱን ወራት ዘግቶ ነው የሚያሳልፈው። ከጁን እስከ ኦገስት ከሰው በሚሰበሰብ ክፍያ የሚኖረው ተራ የከተማ ሜዳ ይህን ማድረግ አይችልም፤ የቀረው ምርጫ ሰርዶው ነው።