ከዳገም አረቄ እስከ ባለ ሳሕን ዓምድ

በስሜን ተራሮች ግርጌ ባሉት በደባርቅ፣ በዳባትና በጃናሞራው መካነ ብርሃን አረቄ ማውጣት በአብዛኛው የሴቶች ሙያ ነው። ይህ ሙያ ሲነሣ የሚወራው ስለ መጠጡ ብቻ ነው፤ የታሪክ ተማሪ ግን ዕቃውንም መመርመር ይገባዋል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ማሰሮውንና መቃውን፣ አውሮጳውያን በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከሠሩት ባለ ሳሕን ማንጠሪያ ዓምድ ጋር እናነጻጽራለን። ሁለቱን የሚያገናኛቸው «ዳገም» የሚለው ቃል ነው።

አረቄ የሚለው ስም ከዐረብኛው «ዐረቅ» የመጣ ሲሆን ትርጕሙ ላብ ማለት ነው። ስሙ ሥራውን በትክክል ይገልጻል። ከእህል፣ ከብቅልና ከጌሾ የተዘጋጀው ድፍድፍ ከፈላ በኋላ በሸክላ ዕቃ ተደርጎ እሳት ላይ ይጣዳል፤ አፉ ተከድኖ ዙሪያው ይመረጋል። እንፋሎቱም በመቃ አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደ ተቀመጠ ዕቃ ሲገባ እንደ ላብ ይንጠባጠባል። ይህ የሚሆነው አልኮል ከውሃ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚተን ነው። በባሕር ወለል ላይ አልኮል በ78 ዲግሪ፣ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ከ2,800 ሜትር በላይ በሆነችው በደባርቅ ግን ውሃው ራሱ በ91 ዲግሪ ግድም ይፈላል።

ይሁን እንጂ ውሃውም አብሮ ስለሚተን መጀመሪያ የሚወጣው ተራ አረቄ ደካማ ነው። ባለሙያዋ ተራውን መልሳ በመጣድ ዳገም ታወጣለች፤ ይኸውም ከመቶ 45 እጅ ያህል አልኮል ይኖረዋል።

በአውሮጳም ጠንካራ መጠጥ ለማግኘት እንዲሁ ደጋግሞ መጣድ ግድ ነበር። በ1801 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ኤድዋር አዳም ዕቃዎቹን በተርታ አያይዞ፣ የአንዱ እንፋሎት በሚቀጥለው ውስጥ ያለውን ፈሳሽ እንዲያሞቅ አደረገ። በ1813 እ.ኤ.አ. ሴሊዬ ብሉመንታል ተርታውን አቁሞ አንዱን በአንዱ ላይ ደረበው። በ1830 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቀድሞ የመጠጥ ቀረጥ ተቆጣጣሪ የነበረው አየርላንዳዊው ኢኒያስ ኮፊ የራሱን ዓምድ በስሙ አስመዘገበ።

የዓምዱ አሠራር እንደሚከተለው ነው። በረጅም ቱቦ ውስጥ ቀዳዳ ያላቸው ሳሕኖች ይደረደራሉ። ከታች የሚመጣው እንፋሎት በየሳሕኑ ላይ የተኛውን ፈሳሽ አረፋ እያስነሣ ያልፋል፤ ውሃ የበዛበት ወደ ታች ይወርዳል፣ አልኮል የበዛበት ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ ከቀዘቀዘውም ከፊሉ ተመልሶ ሳሕኖቹን ያርሳል። እንግዲህ እያንዳንዱ ሳሕን አንድ ትንሽ ዳገም ነው ማለት ነው። ሳሕኑ ቢበዛም ግን አልኮሉ በክብደት ከመቶ 95.6 እጅ ላይ ሲደርስ ከቀረው ውሃ ጋር እንደ አንድ ነገር ስለሚፈላ ከዚያ አያልፍም።

ይህን የመሰለ ዓምድ በደባርቅ ቤት ውስጥ ሊሠራ ይችላልን? መዳብና ጥሩ ቀጥቃጭ ከተገኘ ቅርጹ አስቸጋሪ አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው። ድፍድፉ ወፍራም ስለሆነ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ስለዚህ ወደ ዓምዱ መግባት ያለበት ተጣርቶ ነው። የእንጨት እሳት ከፍ ዝቅ ሲል የሳሕኖቹ ሚዛን ይፈርሳል። መገጣጠሚያው በእርሳስ ከተበየደ መርዙ ወደ መጠጡ ይገባል። መውጫው ከተዘጋ ዕቃው ይፈነዳል፤ እንፋሎቱ ካመለጠም እሳቱ ይይዘዋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለምን ይጠቅማል? መጠጡን ለማበርታት ከሆነ አንደግፈውም፤ ዳገሙም ቢሆን የሚበቃውን ያህል ጎድቷል። በእኛ አስተያየት የሳሕኑ ጥቅም በማገዶ ላይ ነው። ዳገም የሚያወጣ ሰው ያቀዘቀዘውን መልሶ ያፈላልና ለአንድ ፈሳሽ ሁለት ጊዜ እንጨት ያነዳል። ዓምዱም ከላይ ለሚመልሰው ፈሳሽ ሙቀት ይከፍላል፤ ነገር ግን የታችኛው እንፋሎት የላይኛውን ሳሕን ስለሚያፈላ፣ ለተመሳሳይ ብርታት የሚያጠፋው ማገዶ ያነሰ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የስሜን ፓርክ አጠገብ ለሚኖር ሕዝብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ይህን ዕቃ ለማሻሻል የሚነሣ ሰው ጥያቄውን «ምን ያህል ይበረታል?» ብሎ ሳይሆን «ስንት ሸክም እንጨት ያድናል?» ብሎ ይጀምር። መልሱንም አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት እንጨቱን በጀርባዋ ከምታመጣው ባለሙያ ነው።