በእህል ጆንያ የገባው እንግዳ አረም



በባሕር የተከበበ አገር ጠላቱን ከሩቅ ያያል ይባላል። ወደ ደሴት የሚገባ ነገር ሁሉ አስቀድሞ በመርከብ መጫን፣ ኋላም በወደብ መራገፍ አለበትና ለጠባቂዎቹ ሥራው የቀለለ ይመስላል። የሆነ ሆኖ አየርላንድ ደሴት ስትሆን፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1845 ዓ.ም. የድንች በሽታ ከአሜሪካ ተሻግሮ በደረሰባት ጊዜ ባሕሩ አላዳናትም። በሽታውን ያሻገረው በመርከብ የተጫነ ድንች እንደ ነበረ ይታመናል። ስምንት ሚሊዮን ያህል ከነበረው ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን የሚሆነው በረኀብና ረኀቡ ባስከተለው በሽታ ዐለቀ፤ ሌላው ሚሊዮን ደግሞ አገሩን ጥሎ ተሰደደ።

የእኛም አገር በተራራ የታጠረች ደሴት እየተባለች ብዙ ጊዜ ተነግሮላታል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ራሳቸው በሚያዝያ ወር 1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ ነገሥታት በላኩት ደብዳቤ አገራቸውን በደሴት መስለዋት ነበር። ልብ በሉ! ይህ ደብዳቤ በተጻፈበት ወራት ደሴቲቱ ባሕር ተሻግሮ በመጣ እንግዳ በሽታ ትማቅቅ ነበር። ሕዝቡ «ደስታ» እያለ የሚጠራው የቀንድ ከብት በሽታ፣ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት፣ የኢጣሊያ ጦር ለስንቁ ከሕንድ አገር ወደ ምጽዋ ባስመጣቸው ከብቶች ገብቶ፣ ከትግሬ ወደ ወሎ፣ ከወሎም ወደ ሸዋ ወረደ። ከዐሥር ከብት ዘጠኙ እንደ ሞተ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ድርቅና አንበጣም ተጨመረበት። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ዘመን እስከ ዛሬ «ክፉ ቀን» ተብሎ ይጠራል። ያ በሽታ ከምድረ ገጽ መጥፋቱ በይፋ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ከገባ ከመቶ ሃያ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ዛሬ ልነግራችሁ የተነሣሁት ግን ከዚህ ይልቅ ጸጥ ብሎ ስለ ገባ እንግዳ ነው። ከደሴ ወደ መቀሌ በሚወስደው መንገድ ወልድያን ያለፈ ሰው፣ በስተ ምዕራብ የላስታን ከፍታዎች፣ በስተ ምሥራቅ የዞብልን ተራራ እያየ ወደ ቆቦ ሜዳ ይገባል። ከእናንተም መካከል በሥራ ተዛውራችሁ በዚያ የኖራችሁ አትጠፉም። ሜዳው ጥቁርና ድልብ አፈር ያለው፣ ዝናቡ ግን የሚያጥረው ቆላ ነው። የራያ ገበሬ ከላይ ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ ወደ ማሳው በመምራት ማሽላውንና ጤፉን ያበቅላል። እንደ ደጋሌትና ጅጉርቴ ያሉት የማሽላ ዐይነቶቹም ከአባት ከአያት የወረሳቸው ናቸው። ጠላቶቹንም ያውቃቸዋል። በማሽላው ሥር ተጣብቆ የሚመጠምጠውን አቀንጭራን፣ አገዳ ቈርቋሪውን፣ ወፉን ሁሉ በስማቸው ይጠራቸዋል፤ ለእያንዳንዱም የለመደው ዘዴ አለው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ግን ስም የሌለው አረም ታየ። ቅጠሉ የተሰነጣጠቀ፣ አበባው ጥቃቅንና ነጭ ነው። ሊቃውንቱ ፓርቴኒየም ይሉታል፤ የትውልድ አገሩም ሜክሲኮና አካባቢዋ ነው። ገበሬው አበባውን አይቶ፣ ድስት ውስጥ ካለ ክክ እህል ጋር አመሳስሎ «ቅንጬ አረም» አለው። በኦሮምኛ ተናጋሪው ዘንድ ደግሞ «ፈረምሲሳ» ይባላል፤ ትርጓሜውም «ያስፈርማል» እንደ ማለት ሲሆን፣ መሬትህን አስፈርሞ ይቀማሃል የሚል ምሬት አለበት። እኔ ከሁለቱ ይህን ሁለተኛውን ስም እመርጣለሁ፤ የአረሙን ጠባይ የሚናገር እሱ ነውና።

ጠባዩስ ምንድን ነው? አንዲቱ ተክል ብቻ ከ15,000 የሚበልጥ ዘር ትሰጣለች። ዘሩ ከዱቄት ጥቂት የሚወፍር ስለ ሆነ በነፋስ፣ በጎርፍ፣ በመኪና ጎማ፣ በከብት ሰኮና ይጓዛል፤ በአፈር ውስጥ ተቀብሮም ዓመታት ይቈያል። ከሥሩና ከቅጠሉ የሚወጣው መርዝ የጎረቤቱን ቡቃያ ያቀጭጫል። ከብት ሲግጠው ወተቱ ይመራል። ብዙ ጊዜ በእጁ የሚነቅለው ሰው ቈዳው ይቈጣል፤ አስምም የሚይዘው አለ። በሐረርጌ በተደረገ ጥናት፣ ሳይታረም የተተወ ማሽላ ከፍሬው ከመቶ 40 እስከ 97 እጅ እንዳጣ ታውቋል። ለራያ ገበሬ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነገር አለበት፤ የሕይወቱ መሠረት የሆነው ጎርፍ ራሱ የአረሙን ዘር ከማሳ ወደ ማሳ የሚያከፋፍል ሆኗል።

እንዴት ገባ? በሐረርጌና በድሬዳዋ ዙሪያ የታየው ከሶማሊያ ጦርነት በኋላ ስለ ሆነ፣ በጦር ተሽከርካሪዎች ጎማና ሰንሰለት እንደ መጣ ይገመታል። የሰሜን ወሎው ግን ሌላ በር ነበረው። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ጊዜ የቆሬምን መጠለያ ዓለም ሁሉ በፊልም አየው። ቆሬምም ሆነ ቆቦ በዚያው በራያ ምድር፣ በአንድ መንገድ ላይ ናቸው። እህል ከአሜሪካና ከሌላም አገር በመርከብ ተጭኖ ወደ አሰብና ወደ ሌሎችም ወደቦች ደረሰ፤ ከዚያም በከባድ መኪና ወደ ማከፋፈያ ጣቢያዎቹ ወጣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አረሙ በሰሜን ወሎ አስቀድሞ የተገኘው በእነዚሁ ጣቢያዎች አካባቢ ስለ ነበረ፣ አጥኚዎች ዘሩ ከስንዴው ጋር ተቀላቅሎ መጣ ይላሉ።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ሕንዶችም አረሙ በፑኔ ከተማ በ1950ዎቹ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የታየው ከአሜሪካ ስንዴ ጋር መጥቶ ነው ይላሉ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የአውስትራልያ ነው። ያች ታላቅ ደሴት ከ1908 ጀምሮ ጥብቅ የወሸባ ሕግ ነበራት። (ወሸባ ያልኩት ፈረንጆች ኳራንቲን የሚሉትን ነው፤ ቃሉ የተወረሰው ጥንት መርከበኞችን አርባ ቀን ለይተው ያቈዩ ከነበሩት ኢጣልያኖች ነው።) ይህ ሁሉ ሳለ በ1960 ለከብት መኖ ከቴክሳስ በተገዛ የሣር ዘር ውስጥ ተደብቆ ወደ ኩዊንስላንድ ገባ። በሦስቱም አገር መንገዱ ጆንያ ነው።

እኛም ሕግ አልነበረንም ማለት አይቻልም። የዕፅዋት ጥበቃ ድንጋጌ ቁጥር 56 የወጣው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1971፣ ማለት ከዚያ ረኀብ ዐሥራ ሦስት ዓመት አስቀድሞ ነው። እንግዲህ እናንተም የመንግሥት ሠራተኞች እንደ መሆናችሁ፣ ድንጋጌውን በእጃችሁ ይዛችሁ በዚያ ወር በአሰብ ወደብ ላይ ቆማችሁ አስቡት። በቆሬም ሰው በየሌሊቱ ይሞታል። መርከቡ ቆሟል። «ይህ ስንዴ ባዕድ የአረም ዘር አለበትና ይመለስ» ብሎ ማኅተሙን የሚከለክል ማን ነው? እኔ አላደርገውም ነበር፤ የሚያደርግም ቢኖር ትክክል ነበር አልልም። ጠባቂው የሚፈተነው እንዲህ ባለው ቀን ነው። በር የሚከፈተው በችግር ቀን ነውና፣ ጠላትም በችግር ቀን ከምሕረት ጋር አብሮ ይገባል። ክፉ ቀንን ያመጡት የምጽዋ ከብቶች የወራሪ ስንቅ ነበሩ፤ የቆቦው ስንዴ ግን የብዙ ሰው ነፍስ ያተረፈ ነው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ግፍ ይሆናል።

እርግጥ ነው፣ በክንፋቸው የሚመጡትን በወደብ ማስቀረት አይቻልም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የራያን ማሽላና ጤፍ የጨረገደው አንበጣ፣ በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው የአሜሪካ መጤ ተምችም ኬላ አያውቁም። እነዚህን ለመከላከል ጎረቤት አገሮች በኅብረት መሥራት አለባቸው፤ የምሥራቅ አፍሪካ የበረሓ አንበጣ መከላከያ ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1962 የተቋቋመው በዚህ ምክንያት ነው። አረም ግን ክንፍ የለውም፤ አንሥቶ የሚያመጣው ሰው ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚገርመኝን ልንገራችሁ። ይህን አረም እየበላ የሚኖር የሜክሲኮ ጥንዚዛ አለ። ጥንዚዛው ከደቡብ አፍሪካ ወደ እኛ አገር በመጣ ጊዜ ወደ ማሳ አልተለቀቀም፤ በአምቦ የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል በዝግ ቤት ተቀምጦ ለዓመታት ተመረመረ። ኑግ ከዚህ አረም ጋር የሥጋ ዝምድና ስላለው፣ ጥንዚዛው ኑጋችንን ይበላ እንደ ሆነ ማረጋገጥ ያስፈልግ ነበር። ኑግ የማይጎዳ መሆኑ ከታወቀ በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2016 በወለንጪቲ ተለቀቀ። ሥራው የተመሰገነ ነው። ነገር ግን ተመልከቱ፤ መድኀኒቱ በር ላይ ዓመታት ሲጠየቅ፣ በሽታው ስሙን ሳይነግር ነው ያለፈው።

ታዲያ ጆንያውን መመለስ ካልተቻለ ምን ይደረግ ነበር? እህሉ በዕርዳታ ጣቢያ ሲታደል የሚሆነውን አስቡ። እናቶች ስንዴውን በሰፌድ ያበጥሩታል፤ ጠጠሩንና ባዕዱን ዘር፣ ግርዱን፣ ከመጠለያው ደጅ ይደፉታል። ዝናብ ሲመጣ እዚያው ይበቅላል፤ ጎርፍም ወደ ታች ይወስደዋል። ግርዱን በአንድ ጉድጓድ አስደፍቶ ማቃጠል፣ የመጋዘኑንም ጥራጊ እንዲሁ ማድረግ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ አንድ የግብርና ሠራተኛ ወደዚያው ጣቢያ ተመልሶ የበቀለውን እንዲያይ ማዘዝ ታላቅ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ተረጂውንም አንድ ቀን እንኳ አያስርበውም። ዛሬም በየወረዳው የዕርዳታ እህል የሚያራግፍ የመጋዘን ኃላፊና የሚፈርምለት ጸሐፊ አለ። ይህ አረም ከበቀለ ጀምሮ አበባ እስኪያወጣ ድረስ ያለው ጊዜ አንድ ወር ያህል ብቻ ነው።