የነገሌ ውኃ

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገራችን ሰው። እህል ይነቅዛል፤ ያልተነገረ ቃል ግን ምንም ያህል ቢከርም አይበላሽም ማለቱ ነው። ተረቱ ዝምተኛውን ያጽናናል፤ ነገር ግን አንድ እውነት ይሸሽጋል፤ ያልነቀዘ ዘር አንድ ቀን ይበቅላል።

ነገሌ ቦረና ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በያኔው የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት የነበረች የደረቅ ምድር ከተማ ናት። በዚያ የሰፈረው 4ኛ ብርጌድ ወታደር ምግቡ የከፋ፣ ውኃው የጎደለ ነበር። የወታደሮቹ የውኃ ፓምፕ ሲበላሽ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንቅዳ ቢሉ ተከለከሉ። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. አዛዦቻቸውን ያዙ። ንጉሠ ነገሥቱ የምድር ጦር አዛዡን ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ላኩ። ወታደሮቹ እርሳቸውንም ይዘው ራሳቸው የሚበሉትን አበሏቸው፤ የሚጠጡትንም አጠጧቸው።

ለመሆኑ እስከዚያች ቀን ድረስ ለምን ዝም አሉ? መሣሪያ የታጠቀ ሰው ፈሪ ነበር ማለት አይቻልም። እንደሚመስለኝ ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ አቤቱታ የሚወጣው በበላይ በኩል ነው፤ የሚከሰሰውና ክሱን ተሸክሞ የሚሄደው አንድ ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ደመወዙ የቤተሰብ እንጀራ ነው። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው፣ እያንዳንዱ የጎረቤቱን ዝምታ አይቶ «እርሱስ ተስማምቶታል» ማለቱ ነው። ጥም ግን ይህን መጋረጃ ቀደደው፤ የሁሉም ከንፈር በአንድ ቀን ሲደርቅ ብቻዬን ነኝ የሚል አይኖርም። በ1905 እ.ኤ.አ. የሩሲያው «ፖቴምኪን» መርከበኞችም ያመፁት በትል በተበላ ሥጋ ነበር።

የሚገርመው፣ በዚያው በቦረና ምድር ውኃ የሚከፈልበት ሌላ ሥርዓት መኖሩ ነው። ቱላ በሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው ውኃውን በዘፈን እየተቀባበሉ ያወጣሉ። ተራውን አባ ሄሬጋ ያስከብራል፤ ቅሬታ ያለው በጉባኤ ፊት ይናገራል። በየስምንት ዓመቱም ጉሚ ጋዮ በተባለው ታላቅ ሸንጎ ሕጉ ራሱ ይመረመራል። ጦር ሰፈሩ ጉድጓድ አላጣም፤ ያጣው ሸንጎ ነው።

ዝምታው የወታደሩ ብቻም አልነበረም። በዚያው ወቅት ወሎ በረሃብ ሲያልቅ በየእርከኑ የተቀመጠ ሹም የበላዩን ፊት እያየ እውነቱን ያለዝብ ነበር።

የነገሌ ወታደሮች ሳይቀጡ ቀሩ፤ ወሬውም በጦሩ ሬዲዮ ተሰማ። በየካቲት አሥመራ ተከተለች፤ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔም ወረደ። ሰኔ 21 ቀን ደርግ ተመሠረተ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ። ኅዳር 14 ቀን ግን ያለ ፍርድ ከተረሸኑት 60 ሰዎች መካከል ጄኔራል ደረሰ ይገኙበታል። ዝምታን ሰብሮ የመጣው ኃይል ከፊተኛው የበረታ ዝምታ በአገሩ ላይ ጣለ።

እንግዲህ በነገሌ የተሰበረው አንድ ዝምታ ነው፤ ዝም የሚያሰኘው ሥርዓት አልተነካም። የሰሚ ጆሮ ያልተበጀለት ድምፅ ጉልበት ያገኘ ዕለት እርሱም በተራው ሌላውን ዝም ያሰኛል። አለቃ በተሰበሰበበት አዳራሽ «ጥያቄ ያለው?» ተብሎ ማንም እጁን ሳያወጣ ሲቀር፣ ያ ጸጥታ ስምምነት ነው ብሎ የሚያምን ካለ የነገሌን ውኃ ያስብ።