ሃይማኖትን አውቆ ስለ መጠበቅ፤ ከቦሩ ሜዳ እስከ እንጦጦ

ሃይማኖት እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ የምትተላለፍ ናት። ነገር ግን ድንበሩን የማያውቅ ወራሽ የተረከበው ርስት በጎረቤት እንደሚገፋ፥ ምሥጢሯን የማያውቅ ሰው የተረከባት ሃይማኖትም በየዘመኑ በሚነሣ ልዩ ልዩ ትምህርት ትገፋለች። ስለዚህ የአባቶችን ሃይማኖት መውደድ ብቻውን አይበቃም፤ አባቶች ስለ ምን እንደ ደከሙላት፥ በምንስ እንደ ጠበቋት ማወቅ ይገባል።

በእንጦጦ ተራራ ላይ በርእሰ አድባራት ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን፥ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክ በጳጳሱ በአቡነ ማቴዎስ እጅ ተቀብተው ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ ተባሉ። ይህ ታሪክ በብዙ ሰው ዘንድ የታወቀ ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር በውስጡ አለ። በዚያች ቀን ጳጳሱና ንጉሡ፥ ካህናቱና ሕዝቡ በአንዲት የሃይማኖት ቃል ቆመው ነበር፤ ይህ አንድነት ግን በሸዋ ምድር ከታወጀ ገና ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነበረው። ከዚያ በፊት የሸዋ ሊቃውንት ስለ ክርስቶስ ልደት ተከፋፍለው፥ አንዱ ሌላውን መናፍቅ እያለ ብዙ ዘመን ኖረዋል። ክርክሩ ከወዴት እንደ መጣና እንዴት እንደ ተፈጸመ ለመረዳት፥ ነገሩን ከሥሩ መጀመር ያስፈልጋል።

ከግራኝ አሕመድ ጦርነት በኋላ፥ በጦርነቱ ጊዜ የፖርቱጋል ወታደሮች ለኢትዮጵያ ረድተው ስለ ነበረ፥ ኢየሱሳውያን የሚባሉት የሮም ካህናት ወደ አገሩ ይመላለሱ ጀመር። ከእነርሱም በ1595 ዓ.ም. የመጣው ፔድሮ ፓኤዝ ብልህና ትሑት ሰው ነበረና የዐፄ ሱስንዮስን ልብ ለመሳብ ቻለ። ንጉሡም በ1614 ዓ.ም. የሮምን ሃይማኖት መቀበሉን በግልጥ አስታወቀ። ከዚህ አስቀድሞ ንጉሡን የተቃወመው ጳጳሱ አቡነ ስምዖን በጦር ሜዳ ወድቆ ነበር። ፓኤዝ ከሞተ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ ግን ትዕግሥት የሌለው ሰው ነበር። በየካቲት 1618 ዓ.ም. ንጉሡ ለሮም ጳጳስ መታዘዙን በመሐላ ካጸና በኋላ፥ የተጠመቀው ሕዝብ እንደ ገና እንዲጠመቅ፥ ካህናቱ እንደ ገና ክህነት እንዲቀበሉ፥ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደ ገና እንዲባረኩ፥ ጾሙና በዓሉም እንዲለወጥ ታዘዘ። አባቱ የተጠመቀባት ጥምቀት እንደ ከንቱ ስትቈጠር ያየ ገበሬ፥ የሥጋዌን ምሥጢር በሊቃውንት ቃል ለመመርመር ባይችል እንኳ፥ ከእርሱ የሚወሰድበት ምን እንደ ሆነ ግን አወቀ።

በየአውራጃው ዐመፅ ተነሣ። ከቤተ መንግሥት ባለሟሎች የአንዱ ሚስት የነበረችው ወለተ ጴጥሮስ ባልዋንና ክብርዋን ትታ መነኰሰች፤ በግዞትም ሳለች ተከታዮችዋን ታስተምርና ታጽናና ነበር። በሰኔ 1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ስምንት ሺህ ያህል ሕዝብ እንዳለቀ ይነገራል። ንጉሡ ድል አደረገ፤ ድል የተደረጉት ግን የገዛ አገሩ ገበሬዎች ነበሩ። ስለዚህ የቀደመችው ሃይማኖት እንድትመለስ ዐዋጅ አስነገረ፤ መንግሥቱንም ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጣ። ዐሥር ዓመት የታወጀው ትምህርት በአንድ ዐዋጅ የፈረሰው፥ ሥሩ በሕዝቡ ልብ ሳይሆን በንጉሡ ትእዛዝ ላይ ስለ ነበረ ነው።

ፈተናው ግን በዚህ አላበቃም። ሊቃውንቱ ከኢየሱሳውያን ጋራ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ሲከራከሩ፥ አስቀድሞ በዚያ መጠን ያልተመረመረ ጥያቄ በመካከላቸው ተነሣ። ቅዱስ ጴጥሮስ በቆርኔሌዎስ ቤት ሲያስተምር ጌታ በመንፈስ ቅዱስ እንደ ተቀባ መናገሩ በሐዋርያት ሥራ ተጽፎአል። ይህ መቀባት ምን ማለት ነው? ተዋሕዶዎች፥ ሥጋ የከበረው ከቃል ጋራ በመዋሐዱ ነው፤ ወልድም ቅድመ ዓለም ከአብ ያለ እናት፥ ድኅረ ዓለም ከድንግል ማርያም ያለ አባት፥ ሁለት ልደት አለው ብለው አስተማሩ። ቅባቶች ሥጋ የከበረው በመንፈስ ቅዱስ ቅባትነት ነው አሉ። ጸጋዎች ደግሞ ከሁለቱ ልደት ሌላ በመንፈስ ቅዱስ የሆነ ሦስተኛ ልደት አለ ብለው ሦስት ልደት የሚባለውን ትምህርት አጸኑ።

በዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባዋል። የሱስንዮስ ዘመን ትምህርት ከባሕር ማዶ በእንግዳ ልብስ የመጣ ስለ ነበረ ለመለየት ቀላል ነበር። ይህኛው ግን ከአገር ውስጥ፥ ከአንድ ጉባኤ ቤት፥ ከአንድ መጽሐፍ ንባብ የተነሣ ነው። የተከራከሩትም ሰዎች ሁሉ ጾመኞች፥ ጸሎተኞች፥ መጻሕፍትን የተማሩ ነበሩ። ስሕተት ሁልጊዜ በጠላት መልክ አይመጣም፤ አንዳንድ ጊዜ አንዱን ቃል ከሌላው ቃል ለይቶ በሚያነብ በወንድም አፍ ይመጣል።

ክርክሩም ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆየ። ነገሥታቱና መሳፍንቱ አንዱ ለአንዱ ወገን፥ ሌላው ለሌላው ወገን ሲያደሉ፥ የሃይማኖት ልዩነት የአገር መለያየት ሆነ። ጎጃም በአብዛኛው በቅባት፥ ሸዋ በአብዛኛው በጸጋ ይታወቅ ጀመር። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገዳም የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት እንኳ የጸጋን ትምህርት ይዘው ነበር። በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት ደጃዝማች ካሣ ከአቡነ ሰላማ ጋራ በ1846 ዓ.ም. በአምባጫራ ጉባኤ የተዋሕዶን ትምህርት አጸኑ፤ ነገር ግን ነገሩ በሸዋ ፈጽሞ አልተቈረጠም።

በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በወሎ በቦሩ ሜዳ ሊቃውንቱን ሰብስበው ጉባኤ አደረጉ። በጉባኤውም የሦስት ልደት ሊቃውንት ተረቱ፤ የተዋሕዶም ትምህርት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት መሆኑ ታወጀ። ንጉሥ ምኒልክ ብዙዎቹ የአገሩ ካህናት የያዙት ትምህርት ሲነቀፍ ተቀምጦ ሰማ፤ ፍርዱንም ተቀበለ። የቤተ ክርስቲያን አንድነት ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ጸና፥ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ታላቅ ጉባኤ መባሉ ይገባዋል።

ነገር ግን እውነትን ለመናገር፥ በቦሩ ሜዳ ሁለት ሥራ ተሠርቶአል፤ ፍሬአቸውም ልዩ ልዩ ነው። አንደኛው በመጻሕፍት ምስክርነት የተደረገው ክርክር ነው። ሁለተኛው ኃይል ነው። ከተረቱት አንዳንዶቹ በከባድ ቅጣት ተቀጡ፤ የወሎ እስላሞችም በተወሰነ ዘመን ውስጥ እንዲጠመቁ ታዘዙ። መሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተብለው ከቆዩ በኋላ ንጉሥ ለመሆን በቁ፤ በብዙው ሕዝብ ላይ የወረደው ግዴታ ግን ዐመፅንና ስደትን አመጣ። ዛሬም በወሎ ሁለቱ ሃይማኖቶች ጎን ለጎን ይኖራሉ። ከጉባኤው ተርፎ እስከ ዛሬ የቆየው በክርክር የተረዳውና በጉባኤ ቤት የተማሩት ትምህርት ነው፤ በግዴታ የተደረገው ግን ከአስገዳጁ ጋራ አለፈ። ሱስንዮስ ለሮም ሃይማኖት ያደረገው ያልጸናውን ያህል፥ ለቀናችው ሃይማኖት ሲሆንም ግዴታ አልጸናም።

በዚያው ዘመን በእንጦጦ ግርጌ በፍንፍኔ ንጉሥ ምኒልክ ለካቶሊካዊው ጳጳስ ለማሲያስ መሬት ሰጥቶት ነበር። ማሲያስ ከ1860 ዓ.ም. ጀምሮ በሸዋ ሲያስተምር ከቆየ በኋላ፥ በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ በ1871 ዓ.ም. ከአገር ወጣ። በ1874 ዓ.ም. ከእስክንድርያ ከመጡት አራት ጳጳሳት አንዱ አቡነ ማቴዎስ ለሸዋ ተሰጡ። ከተማውም ወደ እንጦጦ ሲወጣ፥ የማርያምና የራጉኤል አብያተ ክርስቲያናት በተራራው ላይ ቆሙ፤ ካህናትና ደብተሮች፥ የዜማና የመጻሕፍት መምህራንም ተሰበሰቡ። ብርዱና የማገዶው እጦት ከተማውን ወደ ፍንፍኔ ባወረደው ጊዜ ቤተ መንግሥቱ ተራራውን ለቀቀ፤ መቅደሱ ግን አለቀቀም። መንግሥት ስፍራውን ይለውጣል፤ ቅዳሴ ባልተቋረጠበት ስፍራ ሃይማኖት ይኖራል።

ሦስተኛው ፈተና ከእነዚህ ከሁለቱ የተለየ ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ዐዲስ አበባ ሲገባ ስለ ልደትና ስለ ቅባት የጠየቀ የለም። የተጠየቀው፥ እረኛው በበጎቹ ፊት ቆሞ ሐሰትን እውነት፥ ግፍንም ሥልጣኔ እንዲል ነው። በሐምሌ ወር አርበኞች ከተማውን ለማስለቀቅ ባደረጉት ውጊያ አቡነ ጴጥሮስ ከሰላሌ ከመጡት ጋራ ነበሩ። ውጊያው ሳይቀና በቀረ ጊዜ ተይዘው በወታደር ፍርድ ቤት ቀረቡ። አርበኞቹን ወንበዴዎች ብለው እንዲያወግዙ ቢጠየቁ እንቢ አሉ፤ ሕዝቡም ለወራሪ እንዳይገዛ ገዘቱ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በዐደባባይ በጥይት ተገደሉ። በኅዳር 1929 ዓ.ም. የጎሬው ጳጳስ አቡነ ሚካኤል እንዲሁ ተገደሉ። ግንቦት 13 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት ተረሸኑ፤ ዲያቆናቱም ከጥቂት ቀን በኋላ ተከተሏቸው። ገዳዮቹ ራሳቸው የጻፉት ቍጥር 449 ሲሆን፥ በኋላ የተደረገው ምርመራ ከ1,500 እስከ 2,000 ያደርሰዋል።

እነሆ፥ ከቦሩ ሜዳ በፊት በተነቀፈው ትምህርት ይታወቅ የነበረው ያ ገዳም፥ ስድሳ ዓመት ሳይሞላ ማኅበሩን ለሰማዕትነት አቀረበ። የተሳሳተውን ወንድም የሚንቅ ሰው ይህን ያስብ። ስሕተቱን መቃወም ይገባል፤ ሰውየውን ግን ተስፋ መቍረጥ አይገባም።

ጠላት ሰይፍ ብቻ አልያዘም፤ መባም ይዞ ነበር። በ1930 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያንን ከእስክንድርያ መንበር ለይቶ፥ አቡነ አብርሃምን ሊቀ ጳጳሳት አሰኘ። ኢትዮጵያ ከልጆችዋ የተሾመ ሊቀ ጳጳሳት እንዲኖራት ብዙ ዘመን ተመኝታለች፤ ወራሪው ይህን ምኞት ያለ ዋጋ ሰጠ። ነገር ግን በበሩ ያልገባ በጎ ነገርም ቢሆን በረከት አይሆንም። እስክንድርያ ሹመቱን አወገዘች። ነጻነት በ1933 ዓ.ም. ከተመለሰ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ከመንበሯ ጋራ ታርቃ በትዕግሥት ተነጋገረች፤ በ1940 ዓ.ም. ስምምነት ተደረገ፤ በጥር 1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳሳት፥ በሰኔ 1951 ዓ.ም. ደግሞ ፓትርያርክ ሆኑ። ያው ስጦታ በወራሪ እጅ ሲመጣ መለያየትን፥ በቀኖና መንገድ ሲመጣ ክብርን አስገኘ።

እንግዲህ በእንጦጦ ሥር ለሚኖር ክርስቲያን ከዚህ ሁሉ የሚተርፈው ምንድን ነው? ምኒልክ የተቀቡባት ቤተ ክርስቲያን በቅጥርዋ ውስጥ የዘውድና የልብሰ መንግሥት ቅርስ ታስጐበኛለች፤ ይህን ማየት መልካም ነው። የሚበልጠው ቅርስ ግን በሣጥን አይቀመጥም። እርሱም ልጆች ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር ጀምረው ሥላሴንና ሥጋዌን፥ ጥምቀትንና ቍርባንን፥ ትንሣኤ ሙታንንም እንዲማሩ ማድረግ ነው። ንባብ ቤቱ፥ ዜማ ቤቱ፥ ቅኔ ቤቱና መጻሕፍት ቤቱ መምህር እንዳያጡ ማገዝ ነው። ዲያቆኑ የሚያነበውን እንዲያስተውል፥ ምእመኑም የሰማውን ለመምህሩ ሳያፍር እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። እንግዳ ትምህርት ይዞ የመጣውን ሰው በድንጋይ ሳይሆን በቃል የሚመልስ ቤተ ሰብእ ማሳደግ ነው። ድንጋይ የሚወረውር ብዙ ጊዜ መልስ ያጣ ነውና።

ሱስንዮስ በዐዋጅ ያልቻለውን፥ ቦሩ ሜዳ በቅጣት ያልቻለውን፥ ፋሺስት በጥይት ያልቻለውን፥ በየአጥቢያው የተቀመጠ አንድ ድኻ የኔታ ከልጆች መካከል በትዕግሥት ተቀምጦ ይችለዋል። ሃይማኖትን አስተምረው ያቆዩልን አባቶች በረከታቸው ይደርብን፤ እግዚአብሔርም ለቤተ ክርስቲያን መምህር አያሳጣት። አሜን።