የተቀረጸ ቆዳ አቀላለም
በእጅ መሣሪያ ጌጥ የተቀረጸበትን ቆዳ፣ ጌጡ ከመደቡ ጎልቶ እንዲታይ የማቅለምና የማጠናቀቅ ሥራ ነው። ለዚህ የሚመረጠው በዕፅዋት ታኒን የለፋ ቆዳ ነው፤ በክሮም የለፋው ቅርጽ በደንብ አይይዝም። በአሜሪካ ዋዮሚንግ ግዛት፣ በሸሪዳን ከተማ፣ ኮርቻ ሠሪው ዶን ኪንግ ባስፋፋው ስልት፣ በተቀረጹት አበቦች መካከል ያለው ጎድጓዳ መደብ ብዙ ጊዜ በቀጭን ብሩሽ ጥቁር ቡናማ ይቀባል፤ አበባው በራሱ በቆዳው መልክ ይቀራል። ቀጥሎ ቀለም የማያስገባ ላከር ይቀባል። ላከሩ ሲደርቅ ጠቆር ያለ ወፍራም ቅባት ይታሽበትና ሳይቆይ በጨርቅ ይጠረጋል፤ ቅባቱ በተቆረጡት መስመሮች ውስጥ ብቻ ይቀመጣል። ጀማሪዎች ሥራቸውን የሚያበላሹት እዚህ ላይ ነው፦ ላከሩ ሳይደርቅ ከተቸኮለ አበባውም አብሮ ይጠቁራል፤ የጠቆረ ቆዳ ደግሞ አይመለስም። በአንጻሩ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የቆዳ ሽፋን በጋለ ብረት ታትሞ፣ ያለ ተጨማሪ ቀለም፣ በጥላ ብቻ ጌጡን ያሳያል።