ወርቅ ላበደረ ጠጠር፤ የአውስትራልያ በረሃ ግመል ነጂዎች ታሪክ

የማዕድን ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ ወርቁን ያገኘው ሰው ስሙ ይነሣል፤ ለቆፋሪው ዱቄትና ውኃ ያደረሰለት ሰው ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። በአውስትራልያ በረሃ ውስጥ የተመሠረቱት ትንንሽ የማዕድን ከተሞች ለዚህ ምስክር ናቸው። እነዚህ ከተሞች የቆሙት በቆፋሪው ዶማ ብቻ ሳይሆን በግመል ጀርባም ነውና።

አውስትራልያ በዙሪያዋ ባሕር፥ በመካከሏ ግን ሰፊ ደረቅ ምድር ያላት አገር ናት። ከአውሮፓ ሄደው የሰፈሩባት ሰዎች ወደ መካከሉ ለመግባት በፈረስና በበሬ ሞከሩ፤ ነገር ግን እነዚህ እንስሳት ያለ ውኃ ብዙ ቀን መሄድ ስለማይችሉ በየመንገዱ ወደቁ። ስለዚህ ዓይናቸውን ወደ ግመል መለሱ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1860 ዓ.ም. ከሜልቦርን ተነሥቶ አገሩን ወደ ሰሜን ለማቋረጥ ለወጣው የበርክና የዊልስ ጉዞ ከሕንድ አገር 24 ግመሎች ከነጂዎቻቸው ጋራ መጡ። በ1866 ዓ.ም. ደግሞ ቶማስ ኤልደር የተባለው ባለጸጋ ከ120 የሚበልጡ ግመሎችና 31 ነጂዎች አስመጥቶ ቤልታና በተባለው ርስቱ ግመል ማርባት ጀመረ።

ነጂዎቹ ሁሉ ከአንድ አገር የመጡ አልነበሩም፤ ከአፍጋኒስታን፥ ከባሉቺስታን፥ ከሲንድና ከፑንጃብ የመጡ ነበሩ። ቋንቋቸውና ነገዳቸውም የተለያየ ነበር። የአገሩ ሰው ግን ሁሉንም በአንድነት «አፍጋን» አላቸው፤ ቆይቶም ስሙን አሳጥሮ «ጋን» ይላቸው ጀመር። አብዛኞቹ ሚስትና ልጆቻቸውን በአገራቸው ትተው፥ የጥቂት ዓመት ውል ፈርመው የመጡ ነበሩ።

በ1883 ዓ.ም. በብሮከን ሂል ብርና እርሳስ፥ በ1892 ዓ.ም. በኩልጋርዲ፥ በሚቀጥለውም ዓመት በካልጉርሊ ወርቅ ተገኘ፤ ሕዝብም እንደ ጎርፍ ወደ በረሃ ፈሰሰ። በወርቁ አገር ወንዝ አልነበረም። ሰዎቹ የጨው ሐይቅ ውኃ አፍልተው፥ እንፋሎቱንም አቀዝቅዘው ይጠጡ ነበር፤ ያም ውኃ በውድ ዋጋ ይሸጥ ነበር። በዚህ ጊዜ የግመሉ ቅፍለት ለከተሞቹ እንደ ደም ሥር ሆነላቸው። የኋለኛው ግመል በአፍንጫው ከተሰካው እንጨት በገመድ ከፊተኛው ጋራ ይያያዛል፤ እንዲህ ሆኖ እስከ 70 ግመል በአንድ ሰልፍ ይጓዛል። ብርቱው ግመል እስከ 600 ኪሎ ይሸከማል። ዱቄትና ስኳር፥ ሻይና ውኃ፥ የመቆፈሪያም መሣሪያ በእርሱ ጀርባ ይደርሳል፤ ሲመለስም ከማዕድኑ ወይም ከበጉ ጠጕር ጭኖ ይመለሳል። የኩልጋርዲ ጎዳና እጅግ የሰፋው ቅፍለቱ ሳይፈታ እንዲዞርበት ነው ይባላል።

ይሁን እንጂ እንጀራ ያመጣው ሰው በማዕድ አልተቀመጠም። ማሪ በምትባለው የባቡር ጣቢያ ከተማ ነጮቹ ከሐዲዱ ወዲህ፥ ግመል ነጂዎቹና የአገሩ ጥንተ ነዋሪዎች ከሐዲዱ ወዲያ ለየብቻ ይኖሩ ነበር። በሠረገላ የሚነግዱት ሰዎች ገበያችንን ወሰዱብን ብለው ጠሏቸው። በ1894 ዓ.ም. በወርቁ አገር በአንድ የውኃ ጉድጓድ ዘንድ በተነሣ ጠብ ደማቸው ፈሰሰ፤ የተኰሰባቸውም ሰው በፍርድ ቤት ነጻ ተለቀቀ። በ1901 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች ሕግ ደግሞ ለእስያ ሰው በሩን ዘጋ፤ ብዙ ዘመን ያገለገሉትም የዜግነት መብት ሲለምኑ ተከለከሉ።

በመካከላቸው የነበረውን የሰውነት ልክ ለማወቅ የቤጃ ደርቪሽን ነገር መመልከት ይበቃል። ይህ የባሉቺስታን ሰው በ1896 ዓ.ም. በሎረንስ ዌልስ መሪነት ታላቁን የአሸዋ በረሃ ለመመርመር ከወጡት ጋራ የግመሎቹ ኀላፊ ሆኖ ሄደ። በዚያ ጉዞ ከባልደረቦቻቸው ሁለቱ በውኃ ጥም ሞቱ፤ ቤጃ ግን ግመሎቹን እየጠበቀ በታማኝነት ጸና። ዌልስም ለትጋቱ መታሰቢያ የራሱን የአቅጣጫ መሣሪያ ሰጠው። ቤጃ ኑሮውን በማሪ አድርጎ በ1957 ዓ.ም. ሞተ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የሥራቸው ፍጻሜ ነው። በ1872 ዓ.ም. ለተፈጸመው የቴሌግራፍ መስመርና በኋላም ለምድር ባቡሩ ሥራ ዕቃውን ያጓጓዙት እነዚያው ግመሎች ነበሩ፤ ሐዲዱ በተዘረጋ ቍጥር ግን የቅፍለቱ መንገድ አጠረ። በ1903 ዓ.ም. 560 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቧንቧ ወደ ካልጉርሊ ውኃ አደረሰ፤ በ1929 ዓ.ም. ባቡሩ አሊስ ስፕሪንግስ ገባ፤ የጭነት መኪናም ተከተለ። ነጂዎቹ ለራሳቸው መተኪያ የሚሆነውን በገዛ ግመላቸው ተሸክመው አመጡት ማለት ነው። በ1925 ዓ.ም. በደቡብ አውስትራልያ የወጣው ሕግ ባለቤት የሌለው ግመል እንዲገደል ፈቀደ። ብዙዎቹ ነጂዎች ግን ያሳደጉትን እንስሳ ከመግደል ይልቅ ወደ በረሃ ለቀቁት። ዘሩም በዝቶ እህልና ውኃ የሚያጠፋ አውሬ ተባለ፤ ከ2009 እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ ብቻ 160 ሺህ ያህል ግመል እንዲወገድ ተደረገ።

ዛሬ ከአደሌድ ወደ ዳርዊን የሚሄደው ባቡር «ዘ ጋን» ይባላል፤ ስሙም የእነዚያ ሰዎች መታሰቢያ ነው ይባላል። በብሮከን ሂል ያለው አሮጌ መስጊዳቸውም ቤተ መዘክር ሆኗል። በሕይወት ሳሉ ከሐዲዱ ወዲያ እንዲኖሩ የተደረጉት ሰዎች፥ ከሞቱ በኋላ በሐዲዱ ላይ በሚሮጠው ባቡር ስማቸው ይጠራል። አባቶች «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ያሉት ይህን የመሰለውን ነው። መታሰቢያ መልካም ነው፤ ነገር ግን ውለታ የሚከፈለው ባለ ውለታው በሕይወት ሳለ ነው።